አንድ አንቀጽ የጎደለው ፖስታ

(ማለዳ ነው፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ መናኸሪያ፣ በርቀት ትምህርት ዲፕሎማዋን የምትማረው መምህርት ወይንሸት የአውቶብሱን በር ይዛ፣ የርቀት ተማሪዎችን የአሳይመንት ፖስታ ወደ ትልቁ ከተማ የሚያደርሱትን ሹፌር ጋሽ ጓንጉልን ትለምናለች።)

ወይንሸት፦ ጋሼ፣ በሞቴ! አንድ አንቀጽ ብቻ ነው የቀረኝ።

ጓንጉል፦ አውቶብስ ሙሉ ሰው ጭኜ አንቀጽ ልጠብቅ? የሌሎቹ ፖስታ ከትናንት ጀምሮ ወንበሬ ሥር ነው። አንቺ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?

ወይንሸት፦ ሞጁሉን ስከፍተው እንቅልፍ፣ ስዘጋው ጭንቀት! ቀን የሰው ልጅ አስተምራለሁ፣ ማታ የራሴን አስተኛለሁ። አይዞሽ የሚል ጓደኛ የለ፣ የሚቆጣ መምህር የለ። ነገ ነገ ስል ይኸው ዛሬ ደረሰ።

ጓንጉል፦ ታዲያ እንደ ጓደኞችሽ ገልብጠሽ አትሰጪኝም?

ወይንሸት፦ አምና ገልብጬ አይደል የወደቅሁት! «ሚስቴን ምጥ ይዟት ወንዙ ሞላብን» ብዬ፣ ከሥሩ ስሜን ጽፌ ላክሁ።

ጓንጉል፦ ሚስት አገባሽና ለሠርጉ ሳትጠሪኝ!

ወይንሸት፦ ይሳቁ። አራሚው ግን አልሳቀም። ዛሬ እስከ ሥራ መውጫ ካልደረሰ ከትምህርቱ እሰረዛለሁ። ዲፕሎማ የሌለው ደግሞ ከሰኔ ወዲያ አያስተምርም ተብለናል። ልጆቼን ምን ላበላ ነው?

ጓንጉል፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በይ ግቢና መንገድ ላይ ጻፊው።

ወይንሸት፦ በዚያ መንገድ ፊደሉ ይሰክራል እንጂ ይጻፋል? ደግሞ ተማሪዎቼን ዛሬ እፈትናለሁ።

ጓንጉል፦ እንግዲያው በሩን ልቀቂ። ሰዉ እያጉረመረመ ነው።

ወይንሸት፦ ዘንድሮ የጻፍኩት በዓይኔ ያየሁትን ነው ጋሼ። ስለዚያው ስለ ወንዙ። እኛ አውቶብስ ይዘን ወዲህ ማዶ፣ ነፍሰ ጡሯ ቃሬዛ ላይ ወዲያ ማዶ...

ጓንጉል፦ የክረምቷን ሴትዮ?

ወይንሸት፦ አዎ። «ሹፌሩ የጭነት ገመዱን ከጣሪያው ፈትቶ ወገቡ ላይ አሰረና ውሃው ውስጥ ገባ።»

ጓንጉል፦ ስሜን ጻፍሽው?

ወይንሸት፦ «አንድ ሹፌር» ነው ያልኩት።

ጓንጉል፦ እሺ... ከዚያስ?

ወይንሸት፦ እጄ እዚያ ላይ ቆመ። «በመፍትሔ ደምድሙ» ይላል ጥያቄው። ሴትዮዋ ሳትሻገር ሞታ ምን መፍትሔ ልጻፍ? «መንግሥት ድልድይ ይሥራ» እንዳልል፣ ሁሉም የጻፈው እሱን ነው።

ጓንጉል፦ ገመዱስ?

ወይንሸት፦ የቱ ገመድ?

ጓንጉል፦ እናንተ ወደ አውቶብሱ ስትመለሱ ከወገቤ ፈትቼ ወዲያ ማዶ ዋርካው ላይ፣ ወዲህም ከድንጋዩ ጋር አስሬው ነዋ የመጣሁት። ሰው ውሃው ጎደል ሲል እሱን ይዞ ይሻገራል። ባለፈው ሳምንት አንዷን ምጥ ይዟት በእሱ አሻግረዋታል። ወንድ ልጅ ወለደች።

ወይንሸት፦ ይህንን ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?

ጓንጉል፦ ጠየቅሽኝ? ተሳፋሪዎች! ውረዱልኝ፣ የኋላው ጎማ ተንፍሷል!

ወይንሸት፦ ኧረ ጋሼ፣ ጎማው እኮ ደህና ነው።

ጓንጉል፦ ዝም ብለሽ ጻፊ። አንቀጹ ሲያልቅ ይድናል።