የኪንደርጋርተኑ መብራት

«ወረቀት ሳትይዢ ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳትደርሺ!» ብሎኝ ነበር የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ልጅ ሳለሁ። አሁን በምኖርበት በጀርመኑ ዞሰንሃይም ውስጥ ኦርትስባይራት የሚሉት የሰፈር ምክር ቤት ነዋሪውን ሲጠራ ይኸው ትዝ አለኝና፣ ከመኖሪያ ፈቃዴ እስከ ልጆቼ የክትባት ካርድ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ልጄ የምትውልበት መዋዕለ ሕፃናት፣ ኪንደርጋርተኑ ጋ ያለው የእግረኛ መብራት መንገዱን ተሻግረን ሳንጨርስ ይቀላል፤ በቀደም መኪና የትንሹን ልጄን ጋሪ ለጥቂት ነው የሳተው።

ተራዬ ሲደርስ ስለ መብራቱ ተናገርኩና ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ሰብሳቢዋ ግራ ገባት።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው?»

«እዚህ የመኖሬ ማረጋገጫ።»

«እዚህ ባትኖሪ ስለ መብራቱ በምን ታውቂ ነበር?» አለችና እስክሪብቶ አነሳች። «አረንጓዴው ስንት ሰከንድ ይቆያል?»

አልቆጠርኩትም ነበር። በማግስቱ ጋሪውን የመንገዱ ጠርዝ ላይ አቁሜ ከትልቋ ልጄ ጋር ጮክ ብለን ቆጠርን፤ እሷ በጀርመንኛ፣ እኔ በአማርኛ። ዘጠኝ ስንል ቀላ። ቤት ገብቼ ለሰብሳቢዋ «ዘጠኝ» ብዬ ጻፍኩላት።