ቀና ያላለችው አስተማሪ

ማር ቆረጣ ሊደርስ ሲል ወገቤን ያዘኝ። ማንኪራ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ ለሰቀለ ሰው፣ ወገቡ እምቢ ካለ ማሩ እዚያው ይቀራል። ልጄ ስልኳ ላይ ቪዲዮ ከፍታ ግድግዳ አስደገፈችና “አባዬ፣ ይሄ ዮጋ ነው፤ ሴትዮዋ የምታደርገውን ብቻ አድርግ” ብላኝ ገበያ ሄደች። ሰው ፊት መጎንበስ አፍር ስለነበር ስልኩን ወደድኩት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የእግሯን ጣት ነካች፤ እኔ ጉልበቴ ድረስ ወረድኩ። “እዚያው ቆዩ” ብላ ዝም አለች። ስልኩ መሃል ላይ አንዲት ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ማንበብ አልችልም፤ ሰዓት የምትቆጥር መሰለችኝ። ላቤ ይንጠባጠባል፣ ሴትዮዋ ንቅንቅ የለም። አስተማሪ ቀና ሳይል ተማሪ ቀና ማለት ነውር ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

ባለቤቴ ከጓሮ ስትገባ “አንተ ሰውዬ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?” አለችኝ። “ዝም በይ፣ ትምህርት ላይ ነኝ።” ስልኩን አየችና በሳቅ ፈነዳች። “ኔትወርክ ሄዶ እኮ ነው! ቆማ ቀርታለች!” ቀና ልበል ብል ወገቤ ደርቋል። ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየችው የስፖርት መምህርት ሳቁን ሰምታ መጣችና ቀስ አድርጋ አቃናችኝ።

“ጋሼ፣ ዮጋ እኔም አስተምራለሁ እኮ! ምነው ሳይነግሩኝ?”

“አንቺ ይደክምሻል?” አልኳት።

“እንዴ፣ ይደክመኛል እንጂ!”

“በይ፣ ነገ ጠዋት እንጀምር።”