«መጣሁ» ብዬ ወረድኩ እንጂ ትቻት አልወረድኩም

ቃል ሰጪ፦ የሁለቱ ሕፃናት እናት (ሙሉ ስሟ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ይገኛል)
ዕድሜ፦ 28
ሥራ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ
አድራሻ፦ ከባቡር ድልድዩ ማዶ ያለው የኪራይ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ ከቀትር በፊት
ቋንቋ፦ አማርኛ፤ አስተርጓሚዋ በአካል ተገኝታ እንደተነገረው በአማርኛ የጻፈችውና ከትርጉሙ ጋር ያያያዘችው

የአውቶቡሱ የኋላ በር የተዘጋው እኔ ጋሪውን ከነሕፃኑ ይዤ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሜ፣ የአራት ዓመት ሴት ልጄ ግን ገና ውስጥ ወንበር ላይ እንዳለች ነው። ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ይዘንባል። በሩን በመዳፌ ደበደብኩት። ሹፌሩ በመስታወት እንዳየኝ፣ ነገር ግን ዘግይታ መሳፈር የፈለገች ሴት መስዬው እንደሄደ ራሱ ቃሉን ሰጥቷል። እሱን አልከስም።

መኪና የለንም። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ጠዋት ስለሚተኛ ልጆቹን በአውቶቡስ የማደርሰው እኔ ነኝ። ስንወርድ ሥርዓት አለን። ልጄ ትቀድምና የመቆሚያውን ምሰሶ አቅፋ ትጠብቀኛለች፤ እዚህ አገር አያት ስለሌላት ምሰሶውን «አያቴ» ብላዋለች። «አያትሽን ያዢ» ስላት ትይዛለች፤ ከዚያ ጋሪውን አወርዳለሁ።

ሰኞ ዕለት የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ ነበር። ላስርላት ስጎነበስ «እኔው ራሴ!» ብላ እግሯን ሰበሰበች። ከኋላዬ የሚወርዱ ሰዎች ቆመዋል፤ አንዱ በረጅሙ ተነፈሰ። ያንን ትንፋሽ ፈራሁ። የገዛ ልጄን ማሰሪያ ከመጠበቅ የማላውቀውን ሰው ላለማስቆጣት መረጥኩ። ጥፋቴ ይህ ነው፤ ማንም እንዲያቃልልልኝ አልፈልግም። «እሺ እሰሪ፣ መጣሁ» ብያት ጋሪውን ይዤ ወረድኩ።

ይህ መዝገብ የተንጠለጠለው «መጣሁ» በሚለው ቃል ላይ ስለሆነ ትርጉሙ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ። በእኛ ቋንቋ ሰው ከተቀመጠበት ሲነሣ «መጣሁ» ብሎ ይሄዳል። ጨው ሊያመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ሰውም «መጣሁ» ይላል። ሰውየው ገና እየሄደ ነው፤ ቃሉ ግን መመለሱን እንደተፈጸመ አድርጎ ይቆጥርለታል። «አሁኑኑ እመለሳለሁ፣ ከዚያው አትነሺ» ማለት ነው። ልጄም አልተነሣችም።

አውቶቡሱን ተከትዬ ሮጥኩ። የአገሩን ቋንቋ ተፈትኜ አልፌያለሁ፤ ትምህርቴንም የምማረው በእሱ ነው። በዚያች ሰዓት ግን አንድም ቃል አልመጣልኝም። «ልጄን! ልጄን!» እያልኩ በአማርኛ ስጮህ መቆሚያው ላይ የነበሩት ሰዎች ወደ ኋላ ሸሹ። ቋንቋቸው እስኪመለስልኝ ቀጣዩ አውቶቡስ ደረሰ። ሹፌሯ ሁለት ጋሪ እንደጫነችና ሦስተኛ እንደማይፈቀድ ነገረችኝ። ሕፃኑን አቅፌ፣ ጋሪውን እዚያው ጥዬ ተሳፈርኩ። ሰው የሌለበት ጋሪ መንገድ ላይ ተገኘ ተብሎ ለፖሊስ የተደወለው ስለዚህ ነው። ሕፃኑ ጉያዬ ውስጥ ነበር።

ልጄ ውስጥ ምን እንደገጠማት ያወቅሁት ከሹፌሩና ከራሷ ነው። አጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት እናቷ የት እንዳለች ጠይቀዋታል። ልጄ «መጣች» ብላ መለሰች፤ በአገሩ ቋንቋ። መዋዕለ ሕፃናት የተማረችውን ቃል በቤቷ ቃል ላይ አልብሳ ማለት ነው። አሮጊቷም እናቷ ከኋላ ተቀምጣለች ብለው አምነው ወረዱ። መጨረሻው ጣቢያ ላይ ሹፌሩ አውቶቡሱን ሲፈትሽ አገኛት። እሱንም «መጣች» አለችው። ምስኪኑ ወንበር ሥር ሳይቀር ፈልጎኛል።

ስደርስ በሹፌሮቹ ማረፊያ ክፍል ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። ማሰሪያዋን አስራ ጨርሳለች፤ ጫማዎቹ ግን ግራና ቀኝ ተቀያይረዋል። «እማዬ፣ በጣም ቆየሽ እኮ» አለችኝና ወደ ሹፌሩ ዞራ በቋንቋው «ይኸው፣ መጣች አላልኩህም?» አለችው። እሱ ሳቀ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያ ቃሌ የተወሰደው እዚያው፣ በስልክ አስተርጓሚ ነው። የጣቢያው ፖሊስ መኪና የለሽም ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ «ቢኖረኝ አውቶቡስ ውስጥ ምን እሠራ ነበር?» ብያለሁ፤ ይህ ቁጣ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ልክ ነው፣ ቁጣ ነበር። «መጣሁ ብያት ወረድኩ» ያልኩትን ግን በስልክ ያለው ሰው «መድረሻዬ ላይ መድረሴን ነግሬያት ወረድኩ» ብሎ ተረጎመው። ስህተቱን ሰምቻለሁ። ሕፃኑ ርቦት ይጮህ ነበር፤ ልጄ ቀሚሴን ትጎትታለች፤ ቶሎ ልውጣ ብዬ ፈረምኩ። ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው።

በማግስቱ የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ ቤታችን መጣች። የያዘችው ወረቀት፣ እናትየዋ እንደደረሰች ለልጅቷ አሳውቃ፣ ልጅቷን ትታ ወርዳለች ይላል። ልጆቹ ለጊዜው ሌላ ቤት ይቆዩ ወይስ ከእኔ ጋር የሚለው በመጪው ሳምንት እንደሚወሰን ነገረችኝ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ልጅ እንዴት ይረሳል? ጃንጥላ አደረግሻት?» አለኝ። «አልረሳኋትም። አንተ ስታንኮራፋ በየቀኑ ሁለቱንም የማደርስ እኔ ነኝ» አልኩት። በኋላ ጋሪውን ፍለጋ አብረን ወጣን።

ከሰኞ ወዲህ ልጄ ከዓይኗ እንድርቅ አትፈቅድም። ትናንት የሕፃኑን ወተት ላሙቅ ተነሥቼ፣ አፌ እንደለመደው «መጣሁ» አልኳት። ቀሚሴን በሁለት እጇ ጨምድዳ «አትምጪ!» ብላ ጮኸች። አትሂጂ ማለቷ ነው። የቋንቋችንን ቃል በእጄ አበላሸሁባት። ለዚህ የሚቀጣኝ ሕግ ካለ እቀጣለሁ።

ከእንግዲህ የማልቀበለው ግን ይመዝገብልኝ። አፉን በአማርኛ ባልፈታ ሰው፣ በስልክ ተተርጉሞ ልጆቼ ላይ የሚወሰን ቃል አልቀበልም። መኪና የሌላት እናት ሁሉ ልጅ ጥላ የምትሄድ ተደርጋ ስትጠየቅ አንገቴን ደፍቼ አልሰማም። ጋሪውን አስቀድማለች ተብሎ ይጻፍ። የሰው ትንፋሽ ፈርታ ቸኮለች ተብሎም ይጻፍ፤ እፈርማለሁ። «ትታት ወረደች» በሚል ወረቀት ላይ ግን ሁለተኛ አልፈርምም።

ይህ ቃል በአማርኛ ተነቦልኝ፣ አንድ ቦታ አሳርሜ፣ የተናገርኩት ይኸው መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ከእውነት ያጎደልኩትም የጨመርኩትም የለም።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ ____________
የአስተርጓሚዋ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________