የወንድሜ መኪና ሚኒሞ

የሟች ወንድሜ አሮጌ ቀይ የስፖርት መኪና ሚኒሞዋ፣ ማለትም ቆማ ስትሠራ ያለው የሞተሯ ዙር፣ አልረጋ ብሎ፣ ቆም ባለች ቁጥር ድምጿ ከፍ ዝቅ እያለ ትጠፋለች። ሴት ልጁ ደግሞ «ነገ በአባዬ መኪና ካልሆነ አልሞሸርም» ብላ ድርቅ አለች። የሰፈራችን መካኒክ ቶሎሳ ካርቡራቶሩን ሊፈታ መፍቻ ሲያነሳ፣ «ዛሬ በታትነህ ነገ ሙሽራዋን በባጃጅ ልትሸኛት ነው? መጀመሪያ ተሰንጥቆ አየር የሚያስገባ የጎማ ቱቦ ካለ እይ፤ አንብቤያለሁ» አልኩት።

«አዴ፣ መጽሐፍ ብሎን አይፈታም!» ብሎ ሳቀ። ግን ሞተሩን አስነስቶ ቱቦዎቹን በየተራ በጣቱ ጨበጥ ሲያደርግ፣ አንዷ ላይ የሞተሩ ድምፅ ተስተካከለ። ተሰንጥቃ ኖሯል፤ ቀየራት።

ሙሽራዋ መጥታ የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። «አክስቴ፣ አባዬ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲጠብቀኝ መኪናዋ ትንቀጠቀጥ ነበር እኮ። ይቺ የሱ አትመስልም።»

ቶሎሳ አሮጌዋን ቱቦ ከመሬት አንስቶ «ልመልሳት እንዴ?» አለኝ። ይሄን እንኳ የትም አላነበብኩም። «ለሷ ስጣት» አልኩት።

በማግስቱ መኪናዋ አንዴም ሳትጠፋ አምቦን ዞረች። ሙሽራዋም ከአበባዋ ጋር ያቺን የተሰነጠቀች ቱቦ ጨብጣ ነበር።