አራት ሴት ልጅ የማን ጥፋት ነው?

አቶ ፊልጶስ ከአገና ወርደው ወልቂጤ መናኸሪያ ሲደርሱ ልባቸው ቆርጦ ነበር። ቡታጅራ የሚኖረው የልጃቸው የዮናታን ሚስት፣ ፍሬሕይወት፣ አራተኛ ሴት ልጅ ከወለደች ወር አልፏታል። ሽማግሌው የሚሄዱት ምራታቸው ወደ ወላጆቿ ተመልሳ ስለ ማሕፀኗ እንድትጾምና እንድትጸልይ ሊያዝዙ ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ወጣት ተነስታ ቦታ ለቀቀችላቸው።

“አላወቁኝም አባባ? ረድኤት ነኝ፣ የጎረቤትዎ የአዳነ ልጅ። ቡታጅራ ሒሳብ አስተምራለሁ።”

“አንቺ ነሽ እንዴ! አደግሽ!”

“በሰላም ነው ጉዞው?”

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። ከኋላ የተቀመጠችው በርበሬ ነጋዴ አሚኔ ግን ሰማች።

“አባባ፣ ባልየው ቡታጅራ፣ እሷ እናቷ ቤት! ወንዱ በፖስታ ሊመጣ ነው?”

መኪናው በሳቅ ተሞላ። የሽማግሌው ፊት ጠቆረ።

“አራቴ ተከታትሎ እንዲሁ አይሆንም። አንድ ነገር አለባት።”

ረድኤት ከረዳቱ አራት የአንድ ብር ሳንቲሞች ተቀብላ ባርኔጣቸው ውስጥ ጨመረች።

“አንበሳው ወንድ፣ ሚዛኑ ሴት ይሁን። ያንቀጥቅጡት።”

“ቁማር? እኔ አማኝ ነኝ!”

“የሚበላም የሚበላበትም የለም። አንበሳውን መቁጠር ብቻ ነው።”

አንቀጠቀጡ። ሁለት አንበሳ። ደግመው አንድ፣ ከዚያ ሦስት። መኪናው ሞልቶ ሾፌሩ ቢነዳም ተሳፋሪው አንገቱን እያሰገገ “ይድገሙት!” ይል ጀመር።

“ስንት አንበሳ እንደሚወጣ አስቀድመው ያውቃሉ?”

“ማን ያውቃል!”

“ከዜሮ እስከ አራት ካሉት አንዱ መሆኑን ግን ያውቃሉ። አወዳደቃቸው አስራ ስድስት ዓይነት ነው። በስድስቱ ሁለት አንበሳ ይወጣል፤ በአራቱ አንድ፣ በሌሎች አራቱ ሦስት፤ በአንዱ አራቱም፤ በአንዱ ደግሞ ምንም። ይህን ድልድል የይሆናልነት ሥርጭት እንለዋለን።”

ሽማግሌው አላቆሙም። በመጨረሻ አሚኔ ጮኸች፦ “አራቱም ሚዛን!”

“አሁን ጥፋተኛዋን ሳንቲም ለይተው ያውጡልኝ” አለች ረድኤት።

አገላብጠው አዩ። ሳንቲሞቹ ያው ናቸው።

“የለችም” አሉ ቀስ ብለው።

“አራት ልጅ ካላቸው አስራ ስድስት ቤቶች በአማካይ አንዱ እንደ ዮናታን ቤት ነው። ደግሞም ጾታውን የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው።”

“ከዮናታን?”

“ከዮናታን። እሱም ግን መርጦ አይሰጥም።”

“እንግዲያው አምስተኛው የግድ ወንድ ነዋ!”

“ሳንቲም ያለፈውን አታስታውስም፣ አባባ። አምስተኛውም እንደ መጀመሪያው እኩል በእኩል ያህል ነው።”

ሽማግሌው ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ለረዳቱ መለሱ። ምክንያቱ ያልገባው ሰው ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ደካማውን ነው። እሳቸውም ይህን ሳያስቡ አልቀሩም፤ ድንገት ጭናቸውን መቱ።

“የጎረቤታችን የለማ ቤት! አራቱም ልጆቹ ወንዶች ናቸው። ያን በረከት አልን፤ ሚስቱን ማንም አልጠየቃት!”

“የሁለቱም ቤት ዕድል እኩል ነው።”

“እኩል! እኔ ግን አንዷን ላባርር መጣሁ!”

ቡታጅራ ሲደርሱ ለምን እንደሚመጡ ወሬው ከአገና በስልክ ቀድሟቸዋል። ፍሬሕይወት ሕፃኗን አዝላ፣ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

“ተዘጋጅቻለሁ አባባ።”

“ወዴት? ቁጭ በይ፤ አራስ እንዲህ አትቆምም። ልጅቱን ስጪኝ።”

ሕፃኗን ታቅፈው የሰሙትን ሁሉ ለቤተሰቡ ነገሩ፤ በስሌቱ ሁለት ጊዜ ቢሳሳቱም አስረዱ። ይህን የተረዳ ቤት ሚስት አይወቅስም፣ ወንድ ፍለጋ ከአቅሙ በላይ አይወልድም፣ ያሉትን ሴቶች ልጆች ያስተምራል።

ዮናታን አቀርቅሮ ጠየቀ፦ “ወንድ ልጅስ፣ አባዬ?”

“ቢመጣ እሰየው፤ ባይመጣ ጥፋተኛ የለም። ምን ይገትርሃል? ሻንጣዋን አስገባ!”