ሳይመረቁ የኖሩት የኺቫው አናጢ

ቢስሚላህ። አፈር ልታለብሱ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሆይ፣ የእህቴን ባል፣ እንደ ታላቅ ወንድም «አካ» የምንላቸውን የሶቢርጆን አካን ሕይወት ባጭሩ እንዳነብላችሁ ታዝዣለሁ፤ ባጭሩ ከሆነልኝ።

ሶቢርጆን አካ ከአባታቸው ከጋሪ ነጂው ከማትካሪምና ከእናታቸው ከሮሃት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እዚሁ ኺቫ ከተማ ተወለዱ። አባታቸውን በሕፃንነታቸው በማጣታቸው፣ ሰባተኛ ክፍልን እንደ ጨረሱ እናታቸው እጃቸውን ይዘው፣ በምሰሶ ቀረጻ አቻ ወዳልነበራቸው ወደ ኡስታ ኒዮዝማት ወስደው «ሥጋው የእርስዎ፣ አጥንቱ የእኔ፤ እየቀጡ ያስተምሩልኝ» ብለው አስረከቧቸው። ደቀ መዝሙር በሽማግሌዎች ፊት በኡስታው ተመርቆ ኡስታ፣ ማለትም ዋና ባለሙያ፣ እስኪባል ድረስ በስሙ ሥራ እንደማይዝ፣ የኡስታ ዋጋም እንደማይጠይቅ ታውቃላችሁ።

ምርቃቱ ሲቃረብ እናታቸው በጠና ታመሙና፣ ሶቢርጆን አካ ለመድኃኒት ብለው የአንድ ጎረቤት በር በድብቅ ሠርተው ገንዘብ ተቀበሉ። ኡስታ ኒዮዝማት ሰምተው መጡ፤ በሩን በመዳፋቸው ደጋግመው ከዳበሱ በኋላ «እጅህ ደርሷል፤ አንተ ግን አልደረስክም፤ ቆይ» አሏቸው። ምን ያደርጋል! ኡስታው ራሳቸው በዚያው የብርድ ወራት፣ ሳይመርቁ አረፉ።

የአናጢ ገቢ በእንጨቱ ዓይነት፣ በወቅቱ፣ ምሳው በማን ነው በሚለው፣ አሁን አሁን ደግሞ ከፋብሪካ በሚመጣው ርካሽ በር ከፍና ዝቅ ይላል፤ የእሳቸው ግን ከሥሩ የተቆረጠ ነበር። የጥንት ሕንፃ በሚያድሰው በመንግሥት ወርክሾፕ ደረጃ ሲሰጥ፣ ደረጃ ሰጪዎቹ ሽማግሌዎች «ማን መረቀህ?» እያሉ ፀጉራቸው እስኪሸብት በረዳት ደመወዝ አስቀሯቸው። የራሺያዎቹ መንግሥት ፈርሶ ለየቤቱ መሥራት ሲጀምሩም፣ ምሰሶው ከቆመ በኋላ «ወይ ሶቢርጆን አካ፣ እጅዎ ወርቅ ነው፤ ግን ምርቃት የለዎትም እኮ! የኡስታ ዋጋ ብንከፍል ሰው ምን ይለናል?» ይሏቸው ነበር። እንዲህ ያሏቸውን ከዚህ ቆሜ አያቸዋለሁ። ስም አልጠራም፤ ቀብር ነው።

ሌሎች ኡስታዎች እንመርቅዎ ቢሏቸውም «ኡስታዬ ያልሰጡኝን ከሌላ ብቀበል ሁለተኛ ስርቆት ነው» ብለው እምቢ አሉ። እኔም «አንቱ ግትር በቅሎ!» ብያቸዋለሁ፤ ስቀው መሮአቸውን አነሡ።

ከእህቴ ከኦይሱሉቭ ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወልደዋል። ወንዱ ልጃቸው ሻቭካት የአባቱን እጅ ወርሶ ነበር፤ ነገር ግን ያልተመረቀ አይመርቅምና፣ ልጁ አንድ ቀን «አባ፣ እኔንም በረዳት ዋጋ ሊያስቀሩኝ ነው?» ብሎ ራሺያ ገብቶ ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆነ። ሶቢርጆን አካ በሌላው ሁሉ ሲስቁ አይቻለሁ፤ በዚህ ግን አልሳቁም።

የእንጨት ብናኝ ደረታቸውን ዘግቶት ለሁለት ዓመት ትንፋሽ እያጠራቸው ሲሠሩ ቆይተው፣ ሐሙስ ማለዳ አረፉ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ኦይሱሉቭን፣ ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ዛሬ ጧት ደርሶ ከራስጌያቸው የቆመውን ሻቭካትን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም በየበረንዳችሁ የቆሙትን ምሰሶዎች ትተዋል። አላህ ይማራቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ጀነትን ይወፍቃቸው፤ ለእኛም ሰብር ይስጠን።

አሁን ኢማማችን እንደ ልማዳችን «ይህ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ብለው ይጠይቋችኋል። «ደግ ሰው ነበሩ» ለሁሉም የምንለው ነው። ምሰሶ ያስቀረጻችሁ ሁሉ ግን፣ ልጃቸው እየሰማ፣ «ኡስታ ነበሩ» በሉ። ዛሬ ዋጋ የሚጠይቃችሁ የለም።