የእናት ቀለበትና የበሰበሰው ግንድ

እግሩ የተሰበረውን ወንበሬን ተሸክሜ ወደ አናጢው ጎረቤቴ የሄድኩት ለአምስት ደቂቃ ብዬ ነበር። አናጢ ቤት ገብቶ በአምስት ደቂቃ የወጣ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ሽማግሌውን ከሥራ ጠረጴዛው ሳጣው ወደ ጓሮ ዘለቅሁ። ከዓመታት በፊት “ይድረቅ” ብሎ ጥሎት ዝናብ ካበሰበሰው ቅጠለ ሰፊ ዛፍ ግንድ አጠገብ ተንበርክኮ፣ እንጉዳይ በቢላ እየቆረጠ ቅርጫት ይሞላል።

“እንኳን መጣህ! ዛሬ ምሳህ እዚህ ነው” አለኝ።

የቀረበልኝን የምገፋ ሰው ስላልሆንኩ ወንበሬን ረሳሁት።

እንጉዳዩ የታሰበው ግን ለእኔ አልነበረም። ታላቅ እህቱ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ እህል አልወርድ ብሏት ከስታለች። ትናንት ግን “የእማዬ እንጉዳይ አማረኝ” አለች። ከዚያ ወዲህ ወንድሟ መቀመጫ አጥቷል።

ቅርጫቱን ይዘን ስንገባ የእህቱን ልጅ በር ላይ አገኘናት። የሥነ ሕይወት መምህርት ናት፤ ጣቶቿ ገና ጠመኔ እንደነካቸው ናቸው።

“ጋሼ፣ ይሄ ለማን ነው?”

“ለእናትሽ ነዋ! ለማን ሊሆን ኖሯል?”

“ምን ዓይነት እንጉዳይ እንደሆነ ያውቁታል?”

“እኔ ባላውቀው ፈታኝ አለኝ።” ከደረት ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች የብር ቀለበት አወጣ። “እናቴ ከእንጉዳዩ ጋር ትቀቅላት ነበር። ከጠቆረች ይደፋል፤ ካበራች ይበላል። ሰባት ልጅ አሳድጋበታለች፣ አንዳችንንም ሆዳችንን አልቆረጠንም!”

እውነቱን ለመናገር እኔ ከአናጢው ወገን ነበርኩ። ያስወገነኝ ሆዴ ነው።

መምህርቷ አልተቆጣችም። እንጉዳዮቹን አንድ በአንድ እየገለበጠች ሁለት ቦታ ከፈለቻቸውና “እስቲ መጀመሪያ ቀለበቷን እንፈትናት” አለች።

“ቀለበቷ ትፈትናለች እንጂ ትፈተናለች እንዴ?”

“አዲስ ሜትር ሲገዙ ከአሮጌው ጋር አያስተያዩትም?”

“እሱማ አስተያያለሁ” አለ፣ ሙያው ሲነሳ መዋሸት ስለማይችል።

ሁለቱን ክምር በሁለት አሮጌ ጣሳ ቀቀለች። ቀለበቷ ተራ በተራ ገባች፤ ከሁለቱም እያበራች ወጣች። ሽማግሌው “አላልኳትም?” በሚል ዓይን አየኝ፣ እሷን ማየት ትቶ።

“አሁን ደግሞ እንጉዳዮቹ ራሳቸው ይናገሩ” አለች መምህርቷ። ከየክምሩ ካስቀረችው ጥሬ እንጉዳይ የአንዳንዱን አገዳ ቆርጣ፣ ቆቡን በሆዱ ነጭ ወረቀት ላይ አስተኛችና ብርጭቆ ደፋችበት። “እስከ ነገ ጠዋት ማንም አይንካው።”

“እህቴስ?” አለ ሽማግሌው። “አማረኝ ያለችው በስንት ጊዜዋ ነው! ባዶ እጄን ልሂድ?”

“ለኔም እናቴ ናት እኮ ጋሼ።”

ከዚህ በኋላ ስለ ምሳ ያነሳ የለም። እኔም አላነሳሁ።

በማግስቱ የአናጢው ሱቅ ሳይከፈት በሩ ላይ ተገኘሁ። ባለቤቴ ለወንበሩ የቸኮልኩ መስሏት ደስ ብሏታል። መምህርቷ አንደኛውን ብርጭቆና ቆብ አነሳች፤ ወረቀቱ ላይ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ብናኝ ሰፍሯል። ሁለተኛውን አነሳች፤ እሱ እንደ ዛገ ምስማር ቡናማ ነው። አናጢው አጎንብሶ አየ፤ መነጽሩን አድርጎ እንደገና አየ።

“ከአንድ ግንድ!” አለ።

“ከአንድ ግንድ። ብናኙ ዘራቸው ነው። እንዲህ ዝገት የሚመስል ዘር ከሚጥሉት ውስጥ ጉበት የሚጨርስ መርዝ ያላቸው አሉ። መርዙ ብር አያጠቁርም።”

“ሮዙስ ይበላል?” ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

“ቀለሙ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ነገረን እንጂ ብሉ አላለንም። እሱን የሚለይ የሠለጠነ ዓይን ነው።”

ሽማግሌው ግን ቀለበቷን መዳፉ ላይ እያገላበጠ፣ “ታዲያ እናቴ እንዴት ሳትገድለን ቀረች?” አለ። ጥያቄው ከልቡ ነበር። መልስ ያላት አንዲት ሰው ብቻ ስለሆነች፣ ሦስታችንም ወደ በሽተኛዋ ሄድን።

እህትዬው ትራስ ተደግፋ ሰማችን፤ ከዚያ ስፌቷን በእጇ ይዛ ሳቀች። “ቀለበቷ? እማዬ እኮ ቀለበቷ ድስት ሳትገባ የቅርጫቱን ግማሽ ትጥለው ነበር! እየገለበጠች፣ እያሸተተች፣ እናቷ ያሳየቻትን አንዱን ዓይነት ብቻ ታስቀራለች። አንተ እየነካካህ ስታስቸግራት፣ ‘ና ቀለበቷን ጠብቅልኝ’ ብላ ምድጃ ዳር ታስቀምጥሃለች።”

አናጢው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። “ስልሳ ዓመት ሙሉ መጫወቻዬን ነው የጠበቅሁት በለኛ” አለኝ። ወደ እህቱ ዞሮም፣ “ያ ዓይኗስ ማን ጋር ቀረ?”

“ከሷ ጋር ሄደ” አለች እህቱ። “ማናችንም አስተምሪን አላልናት።”

አዛውንቶቻችን አላዋቂ አልነበሩም፤ እኛ ነን ከእጃቸው ቀለበቱን ተቀብለን ዕውቀቱን የተውነው። ትምህርት ቤት የሚያስፈልገን እነሱን ልንንቅበት አይደለም፤ ሳንጠይቃቸው ያመለጠንን መልሰን እንድናገኝበት ነው።

አናጢው ለእህቱ ያሰበውን አልተወም። የእህቱ ልጅ ዓይነቱ ተለይቶ የታወቀ፣ ለምግብ የሚሆን የእንጉዳይ ዘር ከአምራቾች አመጣችለት። ድሮ እያቃጠለ ሰፈሩን በጭስ የሚያስለቅስበትን ሰጋቱራ ሌላ እንዳይበቅልበት በእንፋሎት ቀቅሎ፣ በከረጢት ሞልቶ ዘራበት። ዛሬ ጭሱ ቀርቷል፤ ሰውየው የሚበላውን ያውቀዋል፤ ተማሪዎቿም እየመጡ በወረቀት ላይ የእንጉዳይ ዘር ማየት ይማራሉ። የጓሮው ግንድ እንደ በሰበሰ ተቀምጧል። አሁን የሚጎበኘው በዓይን ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ምርት ጠብሶ ለእህቱ ሲያቀርብ እኔም ነበርኩ። ሳህኑን ጠርጋ በላች።

“ቀለበቷን ከትተሃታል?” አለችው ልታሾፍበት።

እጁን ዘረጋላት። ቀለበቷ ትንሿ ጣቱ ላይ ናት። “ጡረታ ወጥታለች” አላት።

“እንግዲያው ጨምርልኝ” አለችና ሳህኗን አቀበለችው።